አሥራ ሁለተኛው አቻ

በካዛሉፖ መንደር እያንዳንዱ ቤት ለድልድዩ የተለየ ወንበር አለው። እግሩ የሚነቃነቅ፣ መቀመጫው የረገበ፣ ለእንግዳ የማይሰጥ ወንበር ነው። ከወንዙ ማዶ ባለችው በቶሬማናም እንዲሁ ነው። ሁለቱ መንደሮች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር፣ በእግር ኳስ ይጋጠማሉ። አቻ ሲወጡ ሰው ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ ድልድዩ ላይ ይወጣል፤ ረጅም ገበታ ተዘርግቶ የወዲህና የወዲያ ማዶ ሰው አብሮ ይበላል። አንዱ ካሸነፈ ግን ገበታ የለም። የተሸነፈው መንደር የመስኮቱን መዝጊያ ጥርቅም አድርጎ፣ እስከሚቀጥለው ግጥሚያ ድረስ ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ ይከርማል።

ላለፉት አምስት ዓመት ተኩል መስኮት የዘጋ የለም። አሥራ አንድ ጊዜ ተጋጥመው አሥራ አንድ ጊዜ አቻ ወጥተዋል። ተመካክረው አይደለም፤ እንዲያውም በእነዚህ ጨዋታዎች ሦስት ጥርስ ወልቋል። የአውራጃው ጋዜጣ እንደጻፈው ከዚህ የበለጠ በተከታታይ አቻ የወጣ የለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሁለት የተራራ ከተሞች እነሱም አሥራ አንድ አድርሰው ነበር። የዛሬው አቻ ከሆነ ክብረ ወሰኑ የካዛሉፖና የቶሬማና ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ግጥሚያ ከተደረገ ዛሬ ልክ አምሳ ዓመቱ ነው። ዳቦ ጋጋሪው በር የሚያህል ኬክ ሠርቶ በላዩ በክሬም “12” ብሎ ጽፎበታል።

ሬሞ የካዛሉፖ አጥቂ ነው፤ እንጀራው ብስክሌት መጠገን ነው። ከሰው ጋር ሲያወራ ዓይኑን ከመሬት አያነሣም። የቶሬማና ቡድን ሊቀ መንበር የአቲሊዮ ልጅ ኖርማ፣ በሰባተኛው ገበታ ከፊቱ ተቀምጣ “ጨው አቀብለኝ” ካለችው ጊዜ ጀምሮ ግን ዓይኑን አንሥቷል። በአሥራ አንደኛው ገበታ ተስማሙ፤ በአሥራ ሁለተኛው ሬሞ ሊያገባት አባቷን ሊጠይቅ። አቲሊዮ ቁጡ ነው። ፊቱ የሚፈታው ድልድዩ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ቶሬማና ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈች ጊዜ ካዛሉፖ ያገባችውን የገዛ እኅቱን እንኳ ክረምቱን ሙሉ አላነጋገራትም። ስለዚህ ሬሞ ዛሬ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አቻ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ የመንደሩ ቄስ ዶን ጌሪኖ ተጫዋቾቹን ይባርኩ ነበር።

“አባ፣ አቻ እንድንወጣ ነው የሚጸልዩት?” አላቸው አንዱ ተከላካይ።

“እኔማ የምጸልየው እንድናሸንፍ ነው። እሱ ነው አሥራ አንድ ጊዜ ያልሰማኝ። ዛሬም ባይሰማኝ አልቀየመውም።”

ሬሞ ሲወጣ ኖርማ አጥሩ ጋ ቆማ አገኛት።

“አባዬ ሰማያዊ ክራቫቱን አድርጓል” አለችው። “ደስ ሲለው የሚያደርገውን።”

“ኖርማ፣ ጎሉ ፊት ለፊት ብደርስስ?”

“አንተ? በረኛው እኮ ወንድሜ ቫስኮ ነው። ምን አስጨነቀህ” ብላ ስቃ ሄደች።

ቶሬማና ቀድማ አገባች። ከእረፍት በኋላ ካዛሉፖ በማዕዘን ምት አንድ ለአንድ አደረገች፤ የሁለቱም መንደር ሰው አጨበጨበ። አሥር ደቂቃ ሲቀር አንዳንዱ ወንበሩን ሊያመጣ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ። ድስት ሲወጣ ሽታው ሜዳው ድረስ መጣ።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር የቶሬማና ተከላካይ ጭቃው አንሸራተተውና ኳሷ ሬሞ እግር ሥር መጥታ ቆመች። ቫስኮ ሊዘጋበት ሮጦ ወጣ፤ የታመመ ጉልበቱ ከዳውና መንገድ ላይ ተንበረከከ። ጎሉ ባዶውን ቀረ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድም “ምታ” ያለ አልነበረም።

ሬሞ ኳሷን ወደ ውጭ ሊሰዳት ይችል ነበር። ጭቃ ነው፤ ማን ይፈርዳል? ግን ቫስኮን አየው። ቫስኮ ጭቃው ላይ እንደተንበረከከ ትክ ብሎ ያየዋል፤ ልመና የለበትም፤ “ልትመጸውተኝ ነው?” የሚል ዓይን ነው። ሬሞ እድሜ ልኩን ከዚህ ዓይን ጋር ሊበላ እንደማይችል ገባው።

መታት። መረቡ ተወዛወዘ።

አንድ የካዛሉፖ ሽማግሌ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ዙሪያውን አየና ሄዶ አነሣው። ዶን ጌሪኖ አማተቡ። “ጌታዬ፣ ምነው ዛሬ?” አሉ።

የካዛሉፖ ሰዎች የበሰለው ምግብ አይጣል ብለው የራሳቸውን ግማሽ ገበታ ድልድዩ ላይ ዘረጉ። ሌላው ግማሽ ባዶ ነው። ሬሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምንም አልቀመሰም። ከማዶ የመስኮት መዝጊያ ይንቋቋል፤ ግን ጥርቅም የሚል ድምፅ አይሰማም። ንቋቋታ፣ ከዚያ መዶሻ፣ ከዚያ እርግማን ብቻ።

ትንሽ ቆይቶ ኖርማ ወንበሯን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መጣች። ከኋላዋ ቫስኮ እያነከሰ ይከተላል።

“አባትሽስ?” አላት ሬሞ።

“መስኮት ሊዘጋ ሲታገል ነበር። አምስት ዓመት ተኩል ያልተነካ ነገር፤ ዝጎ እንቢ አለው። በመጨረሻ ማጠፊያው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። የጎረቤታችን መስኮት ላይማ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች፤ ማን ደፍሮ ይንካው።”

ከጀርባዋ የቶሬማና ሰው አንድ በአንድ ወንበሩን ይዞ ብቅ ይል ጀመር። መጨረሻ ላይ አቲሊዮ መጣ። በአንድ እጁ ወንበር፣ በሌላው የዛገ ማጠፊያ ይዟል። ማጠፊያውን ሬሞ ፊት ገበታው ላይ አስቀመጠው።

“ጎሉን ያገባኸው አንተ ነህ?”

“አዎ ጋሼ።”

“ኳሷን ወደ ውጭ ሰደሃት ቢሆን ይቺን ድልድይ ዳግመኛ አልረግጣትም ነበር። ያለፉትንም አሥራ አንዱን እጠረጥር ነበር። አሁን ግን አሥራ አንዱም የእውነት እንደነበሩ አወቅሁ።” ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ። “ተናድጃለሁ። ግን ርቦኛል።”

ሬሞ የዛገውን ማጠፊያ በጣቱ ያገላብጥ ጀመር።

“በል እንጂ” አለው ቫስኮ። “ባዶ ጎል ላይ እንዲህ አልፈራህም።”

“ጋሼ፣ ኖርማን...” አለ። “እኔ ኖርማን...”

አቲሊዮ እሱንና ልጁን በየተራ አያቸው።

“በአንድ ቀን ሁለት ነገር ልትወስድብኝ ነው?”

“አዎ ጋሼ” አለ ሬሞ። ይህን ጊዜ ዓይኑ መሬት ላይ አልነበረም።

አቲሊዮ ቢላዋ አስመጣና ከኬኩ ላይ “2” የተጻፈበትን ወገን በትልቁ ቆርጦ ለሁለቱ በአንድ ሳህን አስቀመጠላቸው። ኖርማ አባቷን አንገቱን አቅፋ ስታስነባው፣ “ተይኝ፣ ክሬሙ ልብሴን ነካ” ይላል።

ሰው ሁሉ መብላት ጀመረ። ቫስኮ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ሬሞ ጠጋ አለ።

“እስከ መኸር ይሻለኛል” አለው። “ዘመድ መሆንህን ያን ቀን አላውቅም።”

“እኔም አላውቅህም” አለ ሬሞ፤ ጨውም አቀበለው።