የባሂራ ሦስተኛው ቀዶ ጥገና

ባሂራ የበርበሬ ነጋዴ ናት፤ ቡታጅራ ገበያ ድምጿን የማያውቅ የለም። ልቧ ሲደልቅ፣ ላብ ሲያጠምቃት፣ ራሷን ሲፈልጣት ታዲያ ሰው ሁሉ «በርበሬው ነው» አላት። በርበሬ ነጋዴ ሲታመም ሌላ ምን ይባላል! እሷም አምና መጋዘኑን ለምራቷ አስረክባ ቤት ዋለች። በሽታው ግን ቤቷ ድረስ ተከትሏት መጣ።

ወልቂጤ ሄዳ ስትመረመር ከኩላሊቷ በላይ ባለች ትንሽ እጢ ላይ ዕባጭ ተገኘ። የደም ግፊቷን የሚያስነሳው እሱ ነበርና በቀዶ ጥገና ይውጣ ተባለ። ይሄኔ ባሂራ ሐሞቷ ፈሰሰ። ሆዷ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፤ አንዴ ለወሊድ፣ አንዴ አንጀቷ ታጥፎባት። ያን ጊዜ ያከማት ሐኪም ውስጧ እርስ በርሱ መጣበቁን ነግሯታል። ሆዷ እንደገና ቢከፈት እንደማትተርፍ እርግጠኛ ነበረች።

ባሏ ሀቢቡ ደግሞ ቀዶ ሐኪሟ ናጃህ ቡታጅራ አጠገብ ያለችው የእንሴኖ ልጅ መሆኗን ሲሰማ ጭራሽ አኮረፈ። አባቷን ጋሪ ሲነዳ ያውቀዋል፤ የጋሪ ነጂ ልጅ ሚስቱን ልትቀድ! አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ለሙባሪክ ደውሎ እዚያ ሆስፒታል አልጋ እንዲይዝለት ነገረው።

ናጃህ አልተቀየመችም። የባሂራን ሆድ ሳትነካ በጀርባዋ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ትንንሽ ቀዳዳ ከፍታ፣ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብታ እንደምታወጣው አስረዳች። የድሮው ጠባሳ መንገድ አይዘጋባትም፤ መጀመሪያ ግን ግፊቱ በመድኃኒት መርገብ አለበት።

ባሂራ የራሷን ቤት አሰበች። በፊት ለፊቱ በር የሚገባው እንግዳ ነው፤ እሷ ከእንሰቱ የምትመላለሰው በጓሮ ነው።

«ባለቤት እኮ በጓሮ ነው የሚገባው» አለች። «ግቢ፣ ልጄ።»

ሀቢቡ ሊከራከር ቢያስብም ፊቷን አይቶ የመድኃኒቱን ማዘዣ ተቀበለ።

መድኃኒቱን ስትወስድ ሰንብታ ቀኑ ደረሰ። ከማደንዘዣው ስትነቃ መጀመሪያ ሆዷን ዳበሰች። አዲስ ቁስል የለም። ናጃህ አጠገቧ ቆማ ዕባጩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ነገረቻት። ባሂራ እንባዋ መጣ፤ ኮራች። በልጅቱ ኮራች፣ እሺ ባለው በራሷ ልብም ኮራች።

በማግስቱ ግድግዳ ይዛ እስከ በሩ ተራመደች። ኮሪደሩ ላይ ሀቢቡ ደረቱን ነፍቶ ስልክ ያወራል።

«ሙባሪክ፣ አልጋውን ተወው። ይልቅ እዚያ ሆዱ ተቀዶ ዳግመኛ መከፈቱን የሚፈራ ሕመምተኛ ካለ ወደ እኛ ላከው። የኛ ልጅ አለችልህ።»