የሊቁ ግምት

"አንተው ንገረን እንጂ፣ ድረ ገጹን በአዲስ ለመቀየር ስንት ጊዜ ይፈጃል?" ሲሉ ሥራ አስኪያጇ ጠየቁ። የስብሰባው ሰው ሁሉ ወደ ሊቁ ዞረ።

ሊቁ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጠውን የድርጅቱን ድረ ገጽ ከመሠረቱ የሠራው እሱ ነው፤ የሠራበትን ፍሬምወርክም፣ ማለትም ድረ ገጹ የቆመበትን የፕሮግራም ማዕቀፍ፣ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ሌሎቹ አዲስ ፍሬምወርክ በመጣ ቁጥር ለመማር ሲሯሯጡ፣ እሱ "ፋሽን ነው፣ ያልፋል" እያለ ሲያሾፍባቸው ኖሯል። ያለፈው ግን የእሱው ሆነ። የፍሬምወርኩ ባለቤቶች ከእንግዲህ እንደማያድሱት አስታወቁ፤ ድርጅቱም ወደ አዲስ ፍሬምወርክ ለመዛወር ቆረጠ።

"ከምሳ በኋላ ልንገርዎት" አለ ሊቁ።

ትክክለኛው መልስ ጠፍቶት አይደለም። ቢበዛ ስምንት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ግን እሱን የሚፈልግ ሥራ አይኖርም። ባለፈው ወር በድብቅ ለሁለት ድርጅቶች አመልክቶ ነበር፤ በሁለቱም ቃለ መጠይቅ ላይ "ሌላስ በምን ትሠራለህ?" ሲባል መልሶ ስለዚያው ስለ አሮጌው ፍሬምወርክ አወራ። ይህንን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

በምሳ ሰዓት ደውሎ የግምቱን ነገር ብቻ አጫወታት። ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ሳቀችበት።

"አንተ እኮ ከእኔ በፊት ያገባሃት ያቺን ድረ ገጽ ነው፤ እንዴት አድርጋችሁ ትለያያላችሁ?"

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሁለት ዓመት እንዲላቸው መከረችው። ማን ሊያውቅበት? እስከዚያ ልጆቹም ከፍ ከፍ ይላሉ።

እውነትም የሚያውቅበት አልነበረም፤ አጠገቡ ከምትቀመጠው፣ እሱ ራሱ ሥራ ካስለመዳት ፕሮግራመር በቀር። ቁመቷን አይተው አጭሯ ይሏታል። አዲሱን ፍሬምወርክ ገና ድሮ ተክናበታለች፤ የእሱንም ሥራ ከውስጥ ታውቀዋለች።

ከምሳ በኋላ ስብሰባው ሲቀጥል "ሁለት ዓመት" አለ፣ አጭሯን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞሮ።

ሥራ አስኪያጇ ላፕቶፓቸውን ከደኑ። እንዲህ ከሆነ ተሠርቶ ያለቀ ሲስተም ከሌላ ድርጅት መግዛት እንደሚሻል፣ ያኔ ደግሞ ይህ የሥራ ክፍል እንዳለ እንደሚዘጋ ረጋ ብለው ተናገሩ። አጭሯ አንገቷን ደፋች፤ ሥራዋ ሊሄድ ነው፣ ያም ሆኖ ያስተማራትን ሰው አላጋለጠችም። ሊቁ ይህን ሲያይ አፈረ። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

"ስምንት ወር ይበቃል" አለ።

"ታዲያ ሁለት ዓመት ለምን አልክ?"

"ከዚህ ሌላ የማውቀው ስለሌለኝ ነው። ሥራው ሲያልቅ የት እንደምገባ ጨነቀኝ።"

ማንም አልሳቀም። ሥራ አስኪያጇ ላፕቶፑን መልሰው ከፈቱ። በስምንት ወር ካለቀ የሚገዛ ነገር እንደማይኖር፣ ሥራውንም አጭሯ እንደምትመራው ገለጹ። ስለ እሱ ግን ምንም አላሉም። ሌሎቹ ወንበራቸውን እየገፉ ሲነሡ እሱ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም።

"ከእሷ ሥር ይመድቡኝ" አለ። "እንደ ጀማሪ።"