የተሰረቀችው የድንጋይ እንቁራሪት

ኪቴሪያ ከነጋ ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስትል ቆየች። ባሏ ዳሚያው ከድንጋይ ካባው ፈልፍሎ ያመጣት እንቁራሪት ከመስኮቱ ደፍ ላይ የለችም። የእንቁራሪቷ ዘር ከምድር ላይ ከጠፋ ስንትና ስንት ዘመኑ፤ ከሷም ድንጋዩ ላይ የቀረው አጥንቷ ብቻ ነው። ዛሬ ከሰዓት የሙዚየሙ ሰው ሊወስዳት ይመጣል። እንዲህ ያለውን መሸጥ ወህኒ ያስገባል፤ ጠፋች ቢባል ደግሞ ዳሚያው ሸጣት ከማለት በቀር ማን ምን ያስባል?

ሌባዋን ግን ታውቃለች። ዝናብ ሲቀር የጎረቤትን የቅዱስ ዮሴፍ ምስል ሰርቆ መደበቅ የአገሯ የካሪሪ ሰው ወግ ነው። ዘንቦ በከበሮ ታጅቦ እስኪመለስለት ባለቤቱ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ዝናቡ ይቀራል፣ የአገሩም እርግማን በሱ ላይ ነው። ዘንድሮ ቅዱሶቹ ሁሉ ተሰርቀው አለቁ፤ ከሰማይ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ቅዱስ ሲታጣ ተራው የዝናብ ወዳጇ የእንቁራሪቷ ሆነ።

አላስችል ሲላት ወደ አበልጇ ወደ ጄኔሮዛ ቤት ገሰገሰች።

«ምነው አበልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አለች ጄኔሮዛ፣ በሩን በሰውነቷ ሞልታ።

«ፀሐዩ ነዋ! ግቢም አትይኝ?»

«ቤቱ አልተጠረገም።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ጠርገሽ ታውቂያለሽ!»

ሁለቱም የጥርስ ሳቅ ሳቁ። ኪቴሪያ በጄኔሮዛ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። እንቁራሪቷ ባዶው እንስራ አፍ ላይ እንደ ክዳን ተቀምጣለች። አጠገቡ የቦሎቄው ጆንያ ባዶውን ተጣጥፏል።

«ዘሩስ?»

«ዘራሁት።»

«በደረቅ መሬት? ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምን ላድርግ፣ ልጆቼን ይዤ ልሰደድ?»

«መልሺልኝ» የሚለው ቃል ኪቴሪያ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። በጄኔሮዛም፣ በሰማዩም፣ በራሷም እየተናደደች ተመለሰች።

ስትደርስ የሙዚየሙ ሰው ዳሚያውን አፋጦ ይዞታል። ዳሚያው ባርኔጣውን እያሻሸ ላብ በላብ ሆኗል።

«እሱን ልቀቀው» አለች። «የት እንዳለች የማውቀው እኔ ነኝ። ማሰር ካስፈለገህ እኔን እሰረኝ። አልተሸጠችም፤ ሲዘንብ በከበሮ ትመጣለች።»

«ካልዘነበስ፣ እትዬ?»

«ካልዘነበማ ቆየት ብለህ ና፣ ልጄ። እኛንም እንደሷ ድንጋዩ ላይ ታገኘናለህ።»

ሰውየው ለእንቁራሪቷ ያመጣውን ጥጥ የሞላበት ሳጥን ዘጋ። እንደነሱም ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።