የደወሉ ሰዓት

በቦንጋ ከተማ ወሰንየለሽን በሰዓት ጉዳይ የሚያታልል ሰው ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም ጥርስ አላበቀለም። ይህን ያለችው ራሷ ወሰንየለሽ ናት። ያለችውም መናኸሪያው በር ላይ፣ የስልክ መስታወት ከምትለጥፍባትና የሰዓት ባትሪ ከምትቀይርባት ጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁማ የቀረውን በስልኳ ቪዲዮ እየጨረሰች ነው።

«አሮጌ ሰዓት እንዳትዪው፤ ቪንቴጅ ነው የሚባለው» አለቻት አጠገቧ ሻሽ ለምትሸጠው ጓደኛዋ ለኸይሪያ። «ኦሪጅናሉን ከተጠጋገነው አንድ ጊዜ አይቼ ካልለየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«አሜን» አለች ኸይሪያ፣ ሻሿን እያጠፈች።

እንዲህ ያስፎከራት ወሬ ቀላል አልነበረም። ጋሽ ወልደሥላሴ ጡረታ ወጥተው ነገ በማለዳው አውቶቡስ ወደ አገራቸው ወደ ጎጃም ሊገቡ ነው፤ ዕቃቸውንም እያወጡ ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ለደወልነት ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በብረት ሲደበድቡ የኖሩት የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ቸርኬው ከጮኸ በሩ ይዘጋል። ወሰንየለሽ ከዚያ በር ውጭ ቆማ ያላለቀሰችበት ሳምንት ቢፈለግ አይገኝም። ያቺ ሰዓት ስንት ዝናብ አስመታቻት! አሁን ግን የራሷ ልታደርጋት ነው። እጇ ላይ አስራት በዚያው በር ፊት ለፊት ቀስ ብላ፣ እየተጎማለለች ልታልፍ ነው። ይህን ስታስብ እግሯ መሬት አልረግጥ አላት።

ጋሽ ወልደሥላሴ ደግሞ ለሰዓቷ የጠየቁት ብር አልነበረም። «የማንኪራ ጫካ ነጭ ማር ያመጣልኝ ይውሰዳት» ብለዋል። ወሰንየለሽ አጎቷ ቢሻው ማንኪራ ላይ ማር ሲቆርጥ ረድታው የሰጣት አንድ ጀሪካን ነበራት፤ የዓመት ድርሻዋ ናት፣ ሌላ የላትም። ጠረጴዛዋን አጥፋ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ፣ ኸይሪያን በነጠላዋ ጎትታ ወጣች።

ሲደርሱ ጋሽ ወልደሥላሴ በረንዳው ላይ መጻሕፍት በካርቶን እያሰሩ ነበር። ቀና ብለው አዩአት።

«አርፋጇ መጣች» አሉ።

«ዛሬስ ቀድሜ ነው የመጣሁት ጋሼ። ሌላ ገዢ ሳይደርስ።»

«ሰዓት አዋቂ ሆነሻል ሲሉ ሰማሁ። መናኸሪያው ሁሉ ነው የሚያወራው።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ያለ ምንም ሐፍረት።

ጋሽ ወልደሥላሴ ፈገግ ብለው ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ሲፈቱት ሁለት የእጅ ሰዓቶች ናቸው። መልካቸው አንድ፣ ሥሪታቸው አንድ፣ ሁለቱም ቀን የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አላቸው።

«አንዷ በእጄ የኖረችው ናት። ሌላዋን ከሺሺንዳ ገበያ ነው ያገኘኋት፤ የሦስት ሰዓቶች ሬሳ ተገጣጥሞ የተሠራች ናት። አዋቂ ከሆንሽ ለይተሽ ውሰጂ። ምንም አልናገርም። ጊዜሽ እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ያልመረጥሻት አብራኝ ትሄዳለች።»

«ጋሼ፣ ፈተና ነው እንዴ?»

«ስምንተኛ ክፍል ላይ ያመለጠሽ።»

ወሰንየለሽ አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰካች። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር። የመጀመሪያዋን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ነጭ የነበረው ፊቷ አሁን የሻይ ቀለም ይዟል፤ ያውም እኩል፣ ከዳር እስከ ዳር። በጨለማ የሚያበራው ቀለም ሰዓትና ደቂቃ ቆጣሪዎቹ ላይም ቁጥሮቹ ላይም አንድ ዓይነት ደብዝዟል። አብረው ያረጁ ናቸው! ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ቀንዶች ስለታቸው አልጠፋም፤ ሞርዶ አልነካቸውም። ክዳኗን ከፍታ ውስጧን አየች። የብሎኖቹ አናት አልተፋቀም።

«ኸይሪያ፣ ነይ እዪ፣ ነይ እዪ» አለች።

ሁለተኛዋ ታብረቀርቃለች። ግን ፊቷ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ቁጥሮቹ ወፍረዋል፣ አንዱ ጠመም ብሏል። ቆጣሪዎቿ ነጭ፣ ነጥቦቿ ቢጫ። ቀንዶቿ ከመሞረድ ብዛት እንደ ተላሰ ከረሜላ ሟሙተዋል።

መልሱ እጇ ውስጥ ገባ። ልትናገር አፏን ስትከፍት የመጀመሪያዋ ሰዓት ጠቅ አለች። ሁለቱም ልክ አሥራ ሁለት ሆነዋል። በመጀመሪያዋ የቀን መስኮት ያለው ቁጥር ከአሥራ አራት ወደ አሥራ አምስት ተቀየረ። የሁለተኛዋ ቀን ንቅንቅ አላለም።

ወሰንየለሽ ደነገጠች፤ ወዲያውም ፊቷ በደስታ በራ። ቪዲዮው ትዝ አላት፦ ጤነኛ ሰዓት ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው።

«ግን እኮ ወሰኔ…» ብላ ጀመረች ኸይሪያ።

«ዝም በይ፤ አንቺ ሻሽሽን ሽጪ።» ወደ ጋሽ ወልደሥላሴ ዞረች። «ሊያታልሉኝ ነበር አይደል ጋሼ? ላዩን አሳምረው፣ ውስጡን ግን ከሌላ ሰዓት። እንዴት ነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀን የሚቀየረው?» ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። ስለ ቀለም፣ ስለ ብሎን፣ ስለ ሞርዶ፣ የሰማችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችላቸው። በረንዳው ደንገዝገዝ እስኪል አወራች። በመጨረሻም የምታብረቀርቀዋን አንስታ እጇ ላይ አሰረች። ጀሪካኗን እግራቸው ሥር አኖረች።

ጋሽ ወልደሥላሴ የቀረችውን አንስተው ጥርግ ጥርግ አድርገው እጃቸው ላይ አሰሯት። ማሰሪያዋ በቆዳቸው ላይ የለመደ ቦታዋን ስታገኝ ወሰንየለሽ አየች።

«የቪዲዮው ሰውዬ እኩለ ሌሊትን ስንት ሰዓት ይለዋል?» ሲሉ ጠየቋት።

«አሥራ ሁለት።»

«አንቺስ?»

«ስድ…» አለችና ቆመች።

«ሰዓት ፀሐይን አያይም ልጄ። ቆጣሪዎቿ ሁለት ዙር ዞረው አሥራ ሁለት ላይ ሲገጥሙ ቀን ትቀይራለች። እኔ በኢትዮጵያ ሰዓት ስለምሞላት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ቀይራለች። የያዝሻት ቀኗ ከቆመ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«እሱን ነበር ልነግርሽ» አለች ኸይሪያ።

ወሰንየለሽ ማሰሪያውን ለመፍታት በጥፍሯ ትታገል ጀመር። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የመረጥኩት እኮ ያቺን ነው፤ ኸይሪያ ምስክሬ ናት። ደግሞ እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ብለውኛል፤ ገና ጊዜ አለኝ።»

ጋሽ ወልደሥላሴ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩና ሰዓታቸውን አዩ።

«ከተኩሉ አንድ ደቂቃ አልፏል» አሉ። «ዛሬም አረፈድሽ።»