እማማ ሲልቪን የያዘ እጅ

እማማ ቨርዴል በብርዱ ወራት ሲሞቱ የነጻነት ቀን ወንበር ባለቤት አጣ።

በጋልቬስተን ከተማ ጁን አሥራ ዘጠኝ፣ የጥቁሮች ባርነት ያበቃበት ቀን፣ ሰልፉ ከቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ መናፈሻው ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰለፉት ልጆች ናቸው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት አዛውንት በልጅነታቸው በባርነት የተወለደ ሰው እጅ የያዙ መሆን አለባቸው። ልጆቹ አንድ በአንድ ያንን እጅ ይነካሉ። አለቀ፤ ንግግር የለው፣ ሙዚቃ የለው። ግን ያንን እጅ ሳይነካ የጎድን ጥብስ የሚቀምስ፣ ቀዩን ሶዳ የሚጠጣ ልጅ የለም።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሰላጣው ድንች ሲልጡ ፓስተር ትሪምብል ገቡ።

«ያልጠየቅነው ሽማግሌ፣ ያልጠየቅናት አሮጊት የለም። አንድም ሰው አልቀረንም» አሉ። «ዘንድሮ ወንበሩ ላይ አበባ እናስቀምጥና አንድ ደቂቃ ዝም እንላለን። ከዚያ ወዲያ ይቀራል።»

«አበባ ደግሞ ምን እጅ አለው?» አለች ፋኒ።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ፋኒ? ከመቃብር ላምጣ?»

ፋኒ ወደ ጓደኛዋ ወደ ኦዜላ ዞረች። «የአንቺ ቅድመ አያት፣ እማማ ሲልቪ፣ በባርነት የተወለዱ አልነበሩም እንዴ? ሲያርፉ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

ኦዜላ ካቀረቀረችበት ቀና አላለችም። «አራት» አለች።

«ወይ ነዶ! በአራት ዓመት ምን ይታወሳል።»

ዋሸች። ስምንት ዓመቷ ነበር። የእማማ ሲልቪን እጅ ዛሬም ድረስ ጭንቅላቷ ላይ ታውቀዋለች።

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ሂራም ሊያገባት ሲመጣ እሱ ሃያ ሦስት፣ እሷ ሃያ ሰባት ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ «ልጄን በዕድሜ የምትበልጥ ደጄን አትረግጥም» የሚሉ የእሳት ላንቃ ነበሩ። ኦዜላ ቤት ውስጥ በአዋላጅ እጅ የተወለደች፣ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር የሌላት ልጅ ናት። አራት ዓመቷን ቆርጣ ጣለችና «ሃያ ሦስት» አለች። ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ አለች። ስወልድ እነግረዋለሁ አለች። አማቴ ሲሞቱ አለች። እሳቸውም ሞቱ፣ እሷም አልነገረችውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን ስልሳ አራት ዓመት ተሸክማው እያደር ከበደ።

ሂራም ሁሉን ይችላል፣ ውሸት ግን አይችልም። ታናሽ ወንድሙ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ዋሸኝ ብሎ አሥራ አንድ ዓመት አላናገረውም። የታረቁት አንደኛው ሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት ሂራም በረንዳው ላይ ነጭ ባርኔጣውን በብሩሽ ሲያጸዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሂራም፣ አንድ ነገር ብነግርህ ትቆጣለህ?»

«እንደ ነገሩ ነዋ። የጎድን ሥጋውን ለፋኒ ሰጠኋት ካልሽኝ እቆጣለሁ።»

«አይደለም… የሸሚዝህ ኮሌታ አልቋል።»

«ለዚህ ነው እንዲህ የምትርበተበቺው? አንቺ ሴትዮ፣ ሰው የሞተ መስሎኝ እኮ!»

ኩሽና ገብታ አለቀሰች። እማማ ሲልቪን ሁለተኛ የምትቀብራቸው መሰላት፤ ያውም በገዛ እጇ።

በማግሥቱ መናፈሻው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ወንበሩ ላይ የአበባ እቅፍ ተቀምጧል፤ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊቱ ተሰልፈዋል። ፓስተሩ «እንግዲህ ዝም እንበል» ብለው ዓይናቸውን ከመጨፈናቸው፣ ፊት የቆመችው የስድስት ዓመቷ ዛሪያ፣ «ፓስተር፣ አበባውን ነው የምንነካው?» አለች።

ሰው ሳቀ። ኦዜላ አልሳቀችም። ብድግ አለች።

«ፓስተር፣ አበባውን ያንሱልኝ።»

«ምነው እማማ ኦዜላ?»

«ዘጠና አንድ ዓመቴ ነው። እማማ ሲልቪ ሲሞቱ ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«የምን ዘጠና አንድ!» አለች ፋኒ። «ባለፈው ወር የሰማንያ ሰባተኛ ዓመትሽን ኬክ በልቻለሁ!»

«ኬኩ ይስማማሽ። ዓመቱ ግን ዘጠና አንድ ነው።»

ኦዜላ ሂራምን አየችው። ባርኔጣውን ደፋና ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ዛፎቹ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ብላ አሰበች፤ እኔና እሱ አሥራ አንድ ዓመት ከየት እናመጣለን። ግን ልጆቹ ቆመው ይጠብቋታል፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣታቸው አይዘረጋም ነበር፤ የሸንኮራ ቢላዋ ቆርጧቸው ነው» አለች። «በዚያ እጅ ጸጉሬን ይሠሩኝ ነበር። የነጻነቱ ወሬ ሲመጣ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ለጌቶቹ ገበታ በባልዲ ውሃ ተሸክመዋል። እናታቸው ‹አውርጂው› አሏቸው። ‹አውርጂና ጠጪ።› ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸከሙት፣ ከጌቶቹ በፊት አንድ ጉንጭ ተጎንጭተው አያውቁም። ‹ሆዴን እስኪያመኝ ጠጣሁ› ይሉኝ ነበር።»

ዛሪያ መጣችና እጇን ነካች። «ይሞቃል» አለች ዞር ብላ ለሌሎቹ። ከዚያ ወንድሞቿ፣ ከዚያ መንታዎቹ፣ ከዚያ ጣቱን ከአፉ አውጥቶ በምራቁ የነካት ሕፃን። ኦዜላ ሁሉንም «ተባረክ፣ ተባረኪ» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከሰው ራስ በላይ ነጭ ባርኔጣ ይፈልጋል። የለም።

ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ የልጆች ሰልፍ ነው!» ትላለች ፋኒ።

«እኔስ ምን ሆኛለሁ?» አለ የሂራም ድምፅ። «በአራት ዓመት ታናሿ ነህ ተብዬ የለ እንዴ?»

ሂራም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ቆሟል። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ተራው ሲደርስ ፊቷ ቆመ።

«ስልሳ አራት ዓመት ይህን እጅ ይዤ ስኖር፣ የማንን እጅ እንደያዘ አልነገርሽኝም» አለ።

«ይቅር በለኝ፣ ሂራም።»

«እሱን ቤት ገብተን እንጣላበታለን። አሁን ሰላም ልበላቸው።»

እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጎንበስ አለ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ ሲልቪ» አለ።