ቡራዩ ያለው ባቡር

«ሰፋ አድርገሽ እዪው። እግሮቹን እዪልኝ» አለ ታመነ፣ እሱም የሚያይ ይመስል አንገቱን ወደ ስልኩ አስግጎ።

ገለቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ስልኩን ተቀበለችው። ፎቶውን በጣቶቿ ሰፋ አደረገችና ዝም አለች። ታመነ ኔትወርኩ ነው ብሎ አሰበ። በዚያ ሰሞን ሰበታ ውስጥ ኔትወርክም እንደ ታክሲው ነበር፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል።

«ንገሪኝ እንጂ።»

«አረንጓዴ ነው። ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር አለው።»

«እሱንማ ስልኩም አንብቦልኛል። ባቡሩ የሚሽከረከርበት እግሩ እንዴት ነው?»

ሽያጩን ፌስቡክ ላይ ያወጣችው ቡራዩ የምትኖር ኢየሩስ የምትባል ሴት ናት። የባሏ የግንባታ ሥራ በረብሻው ስለቆመ ነገ ጠዋት ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ አርባ ምንጭ ይመለሳሉ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ከእነዚህ ሁሉ መጨረሻ ደግሞ ያገለገለ የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ የትንሽ ባቡር ጎታች ሞተር። ታመነ ይህን ካወቀ ጀምሮ ቁጭ ማለት አልቻለም። ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲመላለስ ነው ያረፈደው።

የዕለቱን ሁኔታ ገለቴ ጠዋት ከሱቅ ስትመለስ ነግራዋለች። «ዓለም ገና ላይ መንገድ ዘግተዋል። ጎማ እየተቃጠለ ነው። ፖሊስም መጥቷል። ዛሬ የትም የሚኬድ አይደለም» ብላዋለች፣ አንድ በአንድ።

«ይከፈታል። ትናንትም ዘግተው ከፍተውታል» ብሎ አለፋት እሱ።

ያለፈው ሰሞንም እንዲሁ ነበር። አንድ ፉርጎ ለመግዛት ሱሉልታ ልሂድ ሲል መንገዱ ደህና አይደለም አለችው፤ ሄደ። ሲመለስ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ የስልኩ ባትሪ አለቀ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ቤት ተጠልሎ ዋለ። እሷ በእግሯ እንጦጦን ወጥታ ስትፈልገው ውላ፣ ፉርጎውን ታቅፎ እየሳቀ ሲመጣ መንገድ ላይ አገኘችው። ታመነ ያን ቀን ለጓደኞቹ እንደ ጨዋታ ያወራዋል። ገለቴ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም።

«የፊት እግሩ ተነቅሏል» አለች አሁን።

«በሞተሩ በኩል ያለው?»

«አዎ። የቀረውም ተጣሟል። ምን ያደርግልሃል፣ ታመነ፤ ዕቃው አብቅቶለታል።»

ታመነ ትከሻው ወረደ። ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ወደ ጓዳ ገባ። ከኋላው የስፌት መኪናው ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ቆመ። ክር እየተበጠሰባት መሆን አለበት።

ታመነ ከተወለደ ጀምሮ አያይም። በልጅነቱ ከሀዲያ መጥቶ ሰበታ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ ላምን፣ ምድጃን፣ በርን በእጁ ያውቃቸው ነበር። ተራራ፣ አውሮፕላንና ባቡር ግን የሰው ወሬ ነበሩ። አንድ ቀን መምህራቸው ከቆርቆሮ የተሠራ የመጫወቻ ባቡር አመጡና በየተራ አስነኳቸው። ታመነ ተራው ሲደርስ አለቅም ብሎ አስቸገረ። ያን ያህል ትልቅ ነገር ከፊቱ እስከ ኋላው፣ ፉርጎው ከፉርጎ የሚያያዝበት ቆልማማ ብረት ሳይቀር፣ እጁ ውስጥ ገብቶለት ነበርና። አድጎ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ከሆነ በኋላ፣ ሰዎች ያገለገለ ዕቃ በፌስቡክ እንደሚሸጡ ሲሰማ መጀመሪያ የፈለገው ባቡር ነው። ጓዳው ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የሚዞር ሐዲድ፣ ፉርጎዎችና አንድ ትንሽ ጣቢያ አሉ። ሎኮሞቲቩ ግን ክረምት ላይ ሞተሩ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ፉርጎዎቹን በእጁ ይገፋል። በእጅ የሚገፋ ባቡር ደግሞ ባቡር ሳይሆን ጋሪ ነው፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስልኩ እንግሊዝኛውን ያነብለታል፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ይዘጋል፤ ለፎቶ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይል። ስለዚህ የሚገዛውን ሁሉ የምታይለት ገለቴ ናት። የሚያይለት ሰው ድሮም አላጣም። ችግሩ ሰዎች ለማያይ ሰው ሲነግሩ ነገሩን ያሽሞነሙኑታል፤ ጉድጓዱን ትንሽ፣ ዝናቡን ካፊያ፣ የተቆጣውን አለቃ የተከዘ ያደርጉለታል። ገለቴን ያወቃት ሱሪ ሊያስጠግን ሄዶ ነው። «ይሄ ሱሪ አልቆለታል፤ ደግሞ ሸሚዝህን አዛንፈህ ነው የቆለፍከው» አለችው። ያገባት ለዚህ ነው። ጴንጤ ነው፣ የሩቅ አገር ሰው ነው ያሏትን ዘመዶቿን ሁሉ አልፋ እሷም አገባችው። እስከዛሬም ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ስትለው ኖራለች።

ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

«ወንድሜ፣ ኢየሩስ ነኝ፣ የቡራዩዋ። እወስደዋለሁ ብለው ቁጥርዎን ጽፈው ጠፉብኝኮ» አለች የሴት ድምፅ። ከኋላዋ ዕቃ ሲጎተት፣ ሰው ሲጣራ ይሰማል።

«ይቅርታ፣ እህቴ። የፊት እግሩ ተነቅሏል ስላሉኝ ነው።»

«ማነው ያለው? ምንም አልሆነም። ቆይ፣ ካላመኑማ ይስሙት።»

ጥቂት ከተንኳኳ በኋላ ስልኩ ውስጥ ስስ፣ ወጥ የሆነ ድምፅ ገባ። ሎኮሞቲቩ ሐዲዱ ላይ እየዞረ ነው። ታመነ ስልኩን ጆሮው ላይ አጣበቀ። እግሩ የተነቀለ ባቡር በየዙሩ ይንቋቋል፤ ይህ አንዴም አልተንቋቋም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ እኩል እየረገጠ አለፈ።

«ሰሙት? ነገ በማለዳ ነው የምንወጣው። ዛሬ ከመጡ የርስዎ ነው፤ ካልመጡ ለጎረቤት ልሰጠው ነው።»

«እደውላለሁ» አለና ዘጋው።

ደሙ ፈላ። ሌላው ሰው ሁሉ ቢዋሸው ለምዶታል፤ ይህቺ ግን ገለቴ ናት። የጓዳው ግድግዳ ሰማያዊ ነው ብላዋለች፤ እውነት ሰማያዊ ነው? ጎረቤቶቹ በባቡሩ አይስቁም ብላዋለች፤ አይስቁም? ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ፤ ጥያቄው ግን ጥያቄ እየወለደ አላስቆም አለው። እጁን ሰደደና ዕቃ ሲገዛ የሚይዘውን፣ እንዳይጋጭበት አሮጌ ሹራብ የጠቀጠቀበትን ቦርሳ ከምስማሩ አወረደ። ዱላውንም ያዘ።

«ወዴት ነው?» አለች ገለቴ።

«ፋብሪካው በር ድረስ። ነገ ሥራ መኖሩን ልጠይቅ።»

«ደውለህ አትጠይቅም?»

«እዚያ ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። እኔ እዚህ ነኝ። ማን ያነሳልኛል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ታመነ ቦርሳውን በወዲያኛው ጎኑ ደብቆ ወጣ። ከምታይ ሴት ቦርሳ መደበቅ ይቻል ይመስል።

መናኸሪያው እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ከጅማ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ድምፅ የለም። የሎሚ ሻጮቹ የሉም። አንድ ሚኒባስ ብቻ ሞተሩን እያጉረመረመ ቆሟል። ረዳቱ ጃራ፣ ታመነን ጠዋት ጠዋት ወደ ፋብሪካው የሚያሳፍረው ልጅ፣ ከሩቅ አየው።

«ኦቦ ታመነ! አካም ጅርቱ?»

«ፈያ ነኝ። ቡራዩ ልሄድ ነው፤ አየር ጤና ትደርሳላችሁ?»

«እንደርሳለን! ከዚያ ወደ ቡራዩም ሆነ ወደፈለጉበት መኪና ሞልቷል።»

«መንገዱስ?»

«ነጋዳ፣ ነጋዳ። ሰላም ነው፣ ምንም የለም። ጋቢና ይግቡ።»

ገባ። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከኋላው ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። የተቃጠለ ጎማ ሽታ በመስኮቱ እየገባ ጉሮሮውን ከረከረው። ከፊት ለፊት፣ ከድልድዩ በኩል፣ ብረት አስፋልት ላይ ሲጎተት ይሰማል።

«ጃራ፣ ያ የሚጎተተው ምንድን ነው?»

«እሱ? ልጆች ናቸው። ሲጫወቱ።»

ታመነ ሳቁ መጣበት፤ ግን አልሳቀም። ጃራ ክፉ ልጅ አይደለም። እንደ ሌላው ሁሉ አሽሞነሞነለት፤ ባዶ ወንበርም መሙላት አለበት። ታመነ ግን ይህን መንገድ ከጠዋት ጀምሮ ያውቀዋል። ድንጋዩንም፣ ጎማውንም፣ ፖሊሱንም ገለቴ ነግራዋለች፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሱሉልታም ቀን ነግራው ነበር። ማንም የማይነግረውን እውነት የምትነግረውን ሴት አግብቶ፣ እውነቷን እንደ ሰፈር ሬዲዮ እያለፈው ኖሯል። እውነቱ አላቆመው ሲል የሚያቆመውን ነገረችው። ውሸቱን ያስተማራት እሱ ራሱ መሆኑን ሲያስበው አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ቢሆንም አልወረደም። ሎኮሞቲቩ ነገ አርባ ምንጭ ባይሄድ እንኳ የጎረቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ደግሞ ሁለተኛ አያገኝም። አንዴ እጁን በሩ ላይ፣ አንዴ ቦርሳው ላይ እያደረገ ተቁነጠነጠ።

«ታመነ።»

ገለቴ ናት፤ መስኮቱ ሥር። ሮጣ ስለመጣች ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«እግሩ አልተነቀለም» አለች። «ሁሉም ደህና ነው። ፊት ለፊቱ ሁለት መብራት አለው። ጭረት እንኳ የለበትም። በጣም ያምራል።»

«አውቃለሁ። ሲሄድ ሰምቼዋለሁ።»

ጃራ እንዳልሰማ ሆኖ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ ለባዶው መናኸሪያ ተጣራ።

«ለምን እንደዚያ አልሽኝ?»

«ሌላ ምን ልበልህ? መንገዱ መጥፎ ነው አልኩህ፤ ይከፈታል አልከኝ። የሱሉልታ ዕለት የስንቱን ሬሳ ነው ያንተ ነው ብዬ ያሰብኩት? አንተ ግን እየሳቅክ መጣህ። መንገድ የዘጉትን ልጆች አልረግማቸውም። የአባቴ መሬት ከአዲስ አበባ ጋር ይጠቃለላል ከሚባለው ውስጥ ነው፤ አባቴ ኦቦ ቦጂያ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል። ግን አንተን በልጆቹና በፖሊሱ መሃል ዱላ ይዘህ ስትሄድ ማሰብ አልቻልኩም። ዋሸሁ። ከዋሸሁህ በኋላ ግን መስፋትም አልቻልኩም። ሁለተኛ አልዋሽህም፣ ታመነ። መሄድህ ካልቀረ ሰምተህ ሂድ።»

ታመነ መስኮቱን እስከ ታች ዝቅ አደረገው።

«አሁን ምን ይታይሻል?» አላት።

ገለቴ ወደ መንገዱ ዞረች። ስትመልስ ድምፅዋ ያው የሚያውቀው፣ ሱሪህ አልቆለታል ያለው ድምፅ ነበር።

«ጭሱ ጥቁር ነው፤ ከጠዋቱ ብሷል። ከድልድዩ ወዲህ ድንጋይ ደርድረዋል። የመብራት ምሰሶ እየጎተቱ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ጃለታም አብሯቸው አለ። ከማዶ የፖሊስ መኪናዎች ቆመዋል። ፖሊሶቹ ወርደው ተሰልፈዋል። መሃሉ ላይ ሰው የለም።»

ጃራ መጣራቱን ተወ። «እውነቷን ነው፣ ኦቦ ታመነ» አለ ቀስ ብሎ። «እኛም የምንሄድ አይመስለኝም።»

ታመነ ስልኩን አውጥቶ የመጨረሻውን ቁጥር መልሶ ደወለ። ቡራዩ ላይ ወዲያው ተነሳ።

«ተነሱ ወይ? እየጠበቅኩዎት ነውኮ» አለች ኢየሩስ።

«አልመጣም፣ እህቴ። ለጎረቤትዎ ይስጡት።»

«ምነው? ሲሄድ አሰማሁዎት አይደል? አላመኑኝም?»

«አምኛለሁ። እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም» አለ ታመነ፤ በአንድ እጁ የሚኒባሱን በር ከፍቶ በእግሩ አስፋልቱን እየፈለገ። «ባለቤቴ መንገዱ አይኬድም ስላለችኝ ነው።»