ሲስተር ሰርካለም የቸኮለችበት ለቅሶ

ሲስተር ሰርካለም በሥራ ላይ አልቅሳ አታውቅም። ቡታጅራ ከተመደበች ጀምሮ የካንሰር ሕመምተኞችን የምታስታምመው እሷ ናት፤ ቁስል ታጥባለች፣ ማስታገሻ ትሰጣለች፣ ታስቃቸዋለች። አንዱ ሲሞት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ትሄዳለች። እዚያ ማንም «ምን ሆንሽ?» አይላትም። የሟቹንም የራሷንም አንድ ላይ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች።

በዚያ ዓመት፣ በ2003፣ አሥራ አንድ ለቅሶ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አላት። ሕመምተኛ ገና በር ላይ ብቅ ሲል የለቅሶው ድንኳን ይታያት ጀመር። የነርሶች ኃላፊዋ ሲስተር አደይ ሁኔታዋን አይታ፣ «ክትባት ክፍል ላዛውርሽ፤ እስከ ሰኞ አስቢበት» አለቻት። ሰርካለም ግን መሄዱ ሕመምተኞቿን ጥሎ መሸሽ መሰላት።

ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ የባጃጁ ሾፌር፣ «እነ ጋሽ ከድሮ ቤት እኮ ለቅሶ ነው» አላት። ጋሽ ከድሮ ጉሮሯቸውን የታመሙ የመስቃን ገበሬ ናቸው፤ ሐሙስ ከቀጠሯቸው ቀርተዋል። ሌላ አልጠየቀችም።

«በል እዚያው አድርሰኝ።»

ድንኳኑ በር ላይ እንባዋ ቀደማት። «ወይኔ ጋሽ ከድሮ! ወይኔ አባቴ!» እያለች ገባች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አቤት» አሉ ጋሽ ከድሮ፣ በሻከረ ድምፃቸው።

የሞቱት አማታቸው ነበሩ፣ የዘጠና ዓመት አሮጊት። ሴቶቹ ዘንድ የተቀመጠችው ሚስታቸው ሰፍያ እናቷን እያለቀሰች ሳቅ አመለጣት።

ጋሽ ከድሮ ሰርካለምን ይዘው ወጡና እንሰቱ ጥግ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት።

«በቁሜ ቀበርሽኝ'ኮ፣ ልጄ!»

«ይቅር ይበሉኝ። ሐሙስ ሲቀሩብኝ…»

«አሮጊቷን ላስታምም ብዬ ነው። ለመሆኑ እንዲህ የምታለቅሽው ለሁላችንም ነው?»

«ለሁላችሁም።»

«ወላሂ፣ እኔ የራሴን አንድ በሽታ አልቻልኩትም፤ አንቺ የሁላችንን?»

ያን ጊዜ ነገረቻቸው፤ እንቅልፍ ማጣቷን፣ በየሰው ላይ የሚታያትን ድንኳን፣ ስለ ክትባት ክፍሉ ሰኞ የምትሰጠውን መልስ። እስከዚያ ቀን ለማንም አልተነፈሰችውም ነበር።

«ሂጂ» አሉ ሰምተው ሲያበቁ። «ሕፃናቱ ሲወጉ ይጮኻሉ፣ ይወጣላቸዋል። እኛ ነን ዝም ብለን የምንጨርስሽ።»

«ጥያችሁ?»

«አገሩ ላይ ሌላ ነርስ የለም እንዴ?»

«ያረጋል የሚባል ነርስ አለ።»

«እንግዲያ! ደህና ስትሆኚ ትመለሻለሽ።»

«ሦስት ወር ብቻ» አለች። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች፣ «እርስዎስ?»

«እጠብቅሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አሉ ጋሽ ከድሮ።

እንደገና አለቀሰች፤ እሳቸውም እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጡ።

ሰኞ ጠዋት ሰርካለም ያረጋልን ከአልጋ አልጋ እያዞረች ሕመምተኞቿን አንድ በአንድ አስረከበችው። «ጋሽ ከድሮ ደግሞ ሐሙስ ይመጣሉ» አለችው። «የአንገታቸውን ፋሻ በውሃ ሳታርስ እንዳትልጥባቸው። ቀልዳቸውን ሳይጨርሱም አትነሣ።»